ለምጣድ ማሰሻ፣ ለመጥበሻ ብረት መፋቂያ፦ ማጽጃውን ከዕቃው ጋር ማስማማት

«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላሉ አበው። አይጧን ለመምታት የተሰነዘረ ዱላ ምጣዱን እንዳይሰብረው መፍራታቸው ነው። ብሂሉ ለትዕግሥት ምሳሌ ሆኖ ቢነገርም መነሻው የማዕድ ቤት እውነት ነው፤ ምጣድ ውድ ነው፤ በቀላሉም ይሰበራል። ስለዚህ ምጣድን የሚነካ ማንኛውም ነገር፣ ማጽጃውም ጭምር፣ ታስቦበት የተመረጠ ነው።

በደብረ ኤልያስም ሆነ በሌላው የምሥራቅ ጎጃም አካባቢ ባሉ ቤቶች እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ማጽጃ አለው። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጥላሸት የያዘ ድስት በአመድ ይፈተጋል። ምጣድ ደግሞ በማሰሻ ይታሰሳል። በከተሞች ሥጋ የሚጠበስበት ፍርግርግ ብረትና ቦይ ቦይ ያለው መጥበሻ ግን እንዲህ ያለ የቆየ ልማድ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጸዳው በቢላዋ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም በሽቦ ብሩሽ ነው። ይህ ልማድ መጥበሻውን ከመጉዳት አልፎ የተመጋቢውን ጤና አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የተሻለው መንገድ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እናቶች ምጣድን ከሚያስሱበት ጥበብ መማር ይቻላል።

ማሰሻ የሚሠራው ሥራ

ከሸክላ ሠሪ እጅ አዲስ የመጣ ምጣድ ወዲያውኑ እንጀራ አይጋገርበትም። ሸክላው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት የሊጡን ውኃ ይመጥጣል፤ እንጀራውም ከምጣዱ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ምጣዱ አስቀድሞ ይሟሻል። በእሳት ከጋለ በኋላ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰ በጨርቅ ደጋግሞ ይታሻል፤ ሸክላው እየጠቆረና እየለሰለሰ ሄዶ በመጨረሻ ያብረቀርቃል። በመጀመሪያ የተጋገረችው እንጀራ ብዙውን ጊዜ አታምርም፤ «የምጣድ ማሟሻ ሆነ» የሚለው አነጋገርም የመጣው ከዚሁ ነው።

በዚህ ሂደት የሚከናወነው ነገር ቀላል ነው። ከጎመን ዘሩ የሚወጣው ዘይት በሙቀት ኃይል ይለወጣል፤ ፈሳሽ መሆኑ ቀርቶ ስስና ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ሽፋኑ የሸክላውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ሊጡም ሸክላውን ሳይሆን ሽፋኑን ይነካል። የበሰለ እንጀራ ከምጣዱ በቀላሉ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ በየጋገራው መካከል የሚደረገው ማሰስ ሁለት ተግባር አለው፤ የቀረውን የሊጥ ፍርፋሪና ያረረ ነገር ይጠርጋል፤ የሳሳውን የዘይት ሽፋንም ያድሳል። ማሰሻ በአንድ ጊዜ ማጽጃም መጠገኛም ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ሽፋን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው የወራት ሥራን በአንድ ቀን ያጠፋል። ምጣዱ እንደ አዲስ ካልተሟሸ እንጀራው መያዙ አይቀርም። ያረረ ነገር ጠንክሮ ሲይዝ በሞቀ ምጣድ ላይ ጨው ነስንሶ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። ጨው ቆሻሻውን ለመፈግፈግ የሚያስችል ሻካራነት አለው፤ ሸክላውን ግን አይቧጭርም።

ውኃና የጋለ ሸክላ

በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ምጣዱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ውኃው የነካው ክፍል በድንገት ሲኮማተር በዙሪያው ያለው ገና የጋለ ክፍል አብሮት ስለማይኮማተር ሸክላው ለሁለት ይሳባል። የብረት መጥበሻም ቢሆን፣ በተለይ ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራው ወፍራሙ ዓይነት፣ ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም።

በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከመሰንጠቅም ያልፋል። የዚህ ምጣድ ሸክላ በታችኛው ገጹ እንደ ቀለበት የሚዞሩ ቦዮች አሉት፤ ሙቀት የሚሰጠው ሽቦ የሚዘረጋውም በእነዚህ ቦዮች ውስጥ ነው። በስንጥቅ ወይም በጠርዝ በኩል የገባ ውኃ ሽቦው ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም የኤሌክትሪክ ምጣድ በእርጥብ ጨርቅ ከመወልወሉ በፊት ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ መስመሩ መንቀል ያስፈልጋል። ስንጥቅ የታየበት ምጣድ እስኪጠገን ወይም ሸክላው እስኪለወጥ ድረስ ባይሠራበት ይመረጣል።

ጨርቁም ይመረጣል

ለማሰሻ የሚሆነው ጥጥ ነው። ያረጀ ነጠላ ወይም ጋቢ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከናይለንና ከመሰል ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ጨርቅ በጋለ ገጽ ላይ ይቀልጣል፤ ቅላጩ ምጣዱ ላይ ይጣበቃል፤ ጭሱም ጤናን ይጎዳል። የጨርቁን ምንነት ለመለየት አንድ ክር መዝዞ በእሳት መሞከር ይቻላል፤ ጥጥ ነዶ አመድ ሲሆን ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

በጎመን ዘር ፈንታ የጉሎ ፍሬ የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ። የጉሎ ፍሬ በጥሬው ሲበላ ብርቱ መርዝ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ፣ የተወቀጠበትንም ዕቃ ለምግብ አለመጠቀም አስፈላጊ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ሲቀመጥ ከውስጡ እየሞቀ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ማስቀመጥ በተለይ የሣር ክዳን ላላቸው ማዕድ ቤቶች ይመከራል።

ቦይ ያለው መጥበሻ ለምን ያስቸግራል?

የምጣድ ገጽ ዝርግ ስለሆነ ጨርቅ ሁሉንም ቦታ ይደርሳል። ቦይ ያለው መጥበሻ ግን እንደታረሰ ማሳ ነው፤ ከፍ ያለ ጀርባና ዝቅ ያለ ትልም አለው። ከፍ ያለው ጀርባ ሥጋውን ያበስላል፤ ዝቅ ያለው ትልም የሚቀልጠውን ስብ ይቀበላል። ጠፍጣፋ ቢላዋ የሚነካው ጀርባውን ብቻ ነው። ስቡ፣ ቅመሙና ያረረው ፍርፋሪ ትልሙ ውስጥ ይቀራል፤ በየዕለቱም እየተደራረበ ይጠነክራል። ፍርግርግ ብረትም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ የዘንጎቹ ጎንና ሥር በጠፍጣፋ ነገር አይጸዳም።

የተጠራቀመው ስብ ሲቆይ ይበላሻል፤ ጠረኑም ወደ አዲሱ ጥብስ ይተላለፋል። በረሮና አይጥ ይስባል። ሲግል ይጨሳል፤ አንዳንዴም ይነዳል። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በጾም ወቅት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ መጥበስ ሲቆም መጥበሻው ሳይጸዳ ከተቀመጠ ስቡ ይሻግታል፤ ብረቱም ይዝጋል። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ዋናው ጽዳት መደረግ ያለበት በፋሲካ ዋዜማ ሳይሆን በቅበላ ማብቂያ፣ መጥበሻው ከመቀመጡ በፊት ነው።

የሽቦ ብሩሽ የተደበቀ አደጋ

ትልሙ ውስጥ መግባት የሚችል መሣሪያ ሲፈለግ ብዙዎች የሽቦ ብሩሽ ያነሣሉ። ብሩሹ ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን እያረጀ ሲሄድ ሽቦዎቹ ይረግፋሉ። አንዲት የረገፈች ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስለሆነች በጥቁር ብረት ላይ አትታይም። በሥጋው ላይ ተጣብቃ ወደ አፍ ትገባለች፤ ጉሮሮን፣ ምላስን ወይም አንጀትን ልትወጋ ትችላለች።

ጉዳዩ በአሜሪካ በሚገባ ተጠንቷል። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.አ.አ በ2012 ባወጣው ዘገባ ሮድ አይላንድ በተባለው ግዛት በአንድ የሆስፒታሎች ተቋም ብቻ እ.አ.አ ከማርች 2011 እስከ ጁን 2012 ባለው ጊዜ ውስጥ 6 ሰዎች በዚህ ምክንያት መታከማቸውን ገልጿል። ጉዳቱ ከአንገት ውስጥ ሥጋ መወጋት እስከ አንጀት መበሳት ይደርስ ነበር። እ.አ.አ በ2016 የታተመ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም እ.አ.አ ከ2002 እስከ 2014 በመላ አሜሪካ በዚህ ሳቢያ ወደ ድንገተኛ ሕክምና የሄዱትን 1 ሺህ 698 ገደማ እንደሚሆኑ ገምቷል።

ቁጥሩ ከጥብስ ወዳዱ ሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ለደረሰበት ሰው ከባድ ነው። ጥብስ ከበሉ በኋላ ሲውጡ የሚወጋ ሕመም ወይም ብርቱ የሆድ ቁርጠት ከተሰማ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ መጥበሻው በሽቦ ብሩሽ የሚጸዳ መሆኑንም ለባለሙያው መንገር ይገባል። ይህ መረጃ ካልተነገረ ሐኪሙ ስለ ሽቦ ላያስብ ይችላል።

የእንጨት መፋቂያ

ለዚህ ችግር የተገኘው ቀላል መፍትሔ ከእንጨት የሚሠራ መፋቂያ ነው። መፋቂያ ሲባል ለአገራችን ሰው ቀድሞ የሚታወሰው የወይራ የጥርስ መፋቂያ ነው፤ ምሳሌነቱም ትክክል ነው። የጥርስ መፋቂያ ሲታኘክ እየለሰለሰ በጥርሶች መካከል እንደሚገባ ሁሉ የመጥበሻ መፋቂያም በሥራ ላይ እያለ የመጥበሻውን ቅርጽ ይይዛል።

አሠራሩ ማንኛውም አናጢ የሚችለው ነው። ጠንካራና በደንብ የደረቀ እንጨት፣ ለምሳሌ ወይራ፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል፣ ስፋቱ አንድ መዳፍ ያህል ሆኖ ይጠረባል። አንደኛው ጫፍ ለመያዣ ይለሰልሳል፤ ሌላው እንደ መጥረቢያ ስለት ወደ አንድ ጎን ይሳሳል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ አይቀባም። ምስጥ እንዳይበላው ኬሚካል የተነከረ እንጨት፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቁራጭ፣ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

መጥበሻው ሲግል የሳሳው ጫፍ በዘንጎቹ ወይም በቦዮቹ ላይ ተጭኖ በርዝመታቸው ወደፊት ይገፋል። የጋለው ብረት እንጨቱን በነካበት ቦታ በትንሽ በትንሹ ያሳርረዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጫፉ ለዚያ መጥበሻ ብቻ የሚስማሙ ጥርሶች ያወጣል። ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ ትልሙ ውስጥ ገብተው ጎኑንም ሥሩንም ይጠርጋሉ። ለሌላ መጥበሻ ሌላ መፋቂያ ያስፈልጋል፤ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆንም ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። እንጨቱ ከብረቱ ስለሚለሰልስ የማያጣብቅ ሽፋን ያለውን መጥበሻ እንኳ እንደ ብረት መፋቂያ አይቧጭርም። ተሰብሮ ምግብ ውስጥ ቢገባም እንደ ሽቦ የማይታይ አይሆንም። ጫፉ ሲያልቅ እንደገና ይጠረባል፤ ከአገልግሎት ሲወጣም ማገዶ ይሆናል።

ከጥብስ በኋላ

ጽዳቱ የሚቀለው መጥበሻው ገና ሙቅ ሳለ ነው። ጥብሱ ከወጣ በኋላ መጥበሻውን ለጥቂት ደቂቃ እሳት ላይ ማቆየት የቀረውን ስብ አድርቆ ያላቅቀዋል፤ የሚነድ ስብ ካለ ግን እስኪጠፋ መጠበቅ ያሻል። ከዚያ በእንጨት መፋቂያው መግፋት፣ ቀጥሎም በመቆንጠጫ በተያዘ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ መወልወል ይከተላል። ጨርቁ እርጥብ ከሆነ ከብረቱ የሚነሣው እንፋሎት እጅን ስለሚያቃጥል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መታጠብ ካለበት መጥበሻው በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያው እሳት ላይ ይደርቃል። በመጨረሻ እንደ ምጣዱ ስስ ዘይት ይቀባል። ይህ የመጨረሻ ደረጃ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ቀጣዩ ጥብስም እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቆሻሻ ለማስለቀቅ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ መጠቀም ለእሳት አደጋም ለመመረዝም ይዳርጋል።

የሽቦ ብሩሽን ለመተው ጊዜ የሚወስድበት ቤት ቢያንስ ሽቦው መርገፍ የጀመረውን ብሩሽ መጣል፣ ከእያንዳንዱ ጽዳት በኋላም መጥበሻውን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ወልውሎ በብርሃን መመልከት ይኖርበታል።

ምጣድን ለትውልድ ጠብቆ ያቆየው ልማድ ሦስት ነገር ያስተምራል፤ ማጽጃው ከሚጸዳው ገጽ ይልስልስ፣ በምግብ ውስጥ ጎጂ ነገር አይተው፣ ጽዳቱም በዘይት ይፈጸም። የእንጨት መፋቂያ ሦስቱንም ያሟላል። በየቤቱ ማሰሻ ከምጣዱ አጠገብ እንደማይጠፋ ሁሉ፣ በየጥብስ ቤቱም መፋቂያው ከመጥበሻው አጠገብ ቢሰቀል ወጪው የአንድ ቁራጭ እንጨት ነው።