ልብ አደባባይ ላይ ሲሽከረከር፦ ኮምፒውተር የልብ ምት መዛባትን እንዴት ያየዋል?

ጠዋት ከሰበታ ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የምትመላለሱ ሁሉ፣ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። መኪናው ሁሉ መዞሪያ ይፈልጋል። ልባችን ውስጥም እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ከልብ በቀኝ በኩል ላይ ያለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ በራሷ ምልክት ታመነጫለች። ምልክቱ በላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ይሰራጫል፣ መሐል ላይ ለአፍታ ይዘገያል፣ ከዚያ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ዕረፍት ላይ ባለ አዋቂ ሰው ይህ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይደጋገማል።

ችግር የሚመጣው መንገዱ ላይ ጠባሳ ሲኖር ነው። ጠባሳ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሞገዱ ዙሪያውን ይዞራል። ዞሮ ሲመጣ መጀመሪያ ያለፈበት ቦታ ዕረፍቱን ጨርሶ ከጠበቀው እንደገና ይቀሰቅሰዋል። መውጫው ጠፍቶት አደባባዩን ደጋግሞ የሚዞር ታክሲ አስቡ፤ ጠባሳው የአደባባዩ መሐል ነው።

እንዲህ ከሚነሱት አንዱ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተር ትተው ይንቀጠቀጣሉ፣ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም አንጎል ከደረሰ ደግሞ ስትሮክ ያመጣል።

"ይሄ የሽማግሌ በሽታ ነው" እንዳትሉ። እኛ አገር ወጣቶችንም ይይዛል። በልጅነት ያልታከመ፣ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳቱ የልብን ቫልቭ ይጎዳል፤ ቫልቩ ሲጠብ የላይኛው ግራ ክፍል ይለጠጣል፣ ጠባሳም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ማዕከል ከሚያክማቸው ልጆች መካከል በዚህ በሽታ ቫልቫቸው የተጎዳ አሉ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1952 ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ እንግሊዛውያን ኤሌክትሪክ በነርቭ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በሒሳብ ቀመር ጻፉ። በ1960 ዴኒስ ኖብል ቀመሩን ወደ ልብ ሕዋስ አመጣው፤ ሒሳቡን የሠራው የለንደን ዩኒቨርሲቲ በነበረው ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሌሊት ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ነበር።

ዛሬ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የናታልያ ትራያኖቫ ቡድን የታማሚውን ልብ በኤምአርአይ አንስቶ፣ ጠባሳው የት እንዳለ ለይቶ፣ ያንኑ ልብ ኮምፒውተር ላይ ይሠራዋል። ከዚያ ሞገዱን ይለቅና የሚሽከረከርበትን ቦታ ይፈልጋል። ሐኪሙ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ሽቦ የትኛውን ነጥብ ማቃጠል እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። በ2019 ይፋ የሆነው ሙከራቸው 10 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ነበር፤ ገና ጅምር ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ምናባዊው ልብ የጠበበ ቫልቭ አያሰፋም። ኤምአርአይ፣ ልዩ ሐኪምና ክፍሉ ከሌለም አይሠራም። እኛ ጋ ሰንሰለቱን በርካሽ መቁረጥ የሚቻለው ከመነሻው፣ ከጉሮሮ ላይ ነው። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ጉሮሮ ሲያማቸውና ሲያተኩሳቸው "ቶንሲል ነው፣ ያልፋል" አትበሉ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ፔኒሲሊን ከታዘዘ እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

ስለ ስልካችሁም እንንገራችሁ። በካሜራ የልብ ምት የሚቆጥሩ አፖች የሚያዩት ጣታችሁ ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት እንጂ ኤሌክትሪኩን አይደለም። ኤሌክትሪኩን የሚያሳየው ኢሲጂ ነው፤ ሕመም የሌለው የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ነው። ልባችሁ ያለምክንያት የሚዘልል ወይም የሚሮጥ ከሆነ ኢሲጂ ጠይቁ። ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ታናሽ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉት።