የሰፈር ዘፈን ውድድርና የአእምሮ ጤና፦ ተረቱና እውነታው

ስለ አእምሮ ጤና ግንዛቤ ለማስጨበጥ የሰፈር የዘፈን ውድድር ሲታሰብ ሁለት ሐሳብ ቶሎ ይሰማል። አንዱ «የተጨነቀ ሰው ቢዘፍን ይለቀዋል» ይላል፤ ሌላው «በሰው ሕመም ይዘፈናል እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት ዘፈኑ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የውድድሩ ጉልበት ያለው ሰዎችን ለሳምንታት አንድ ላይ በማቆሙ ነው እላለሁ።

የመጀመሪያው እምነት ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከወሊድ በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸውን 134 እናቶች በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንት ሕፃናቱን ይዞ በጋራ ዘፈነ፣ እናቶቹ ስለ እናትነት የራሳቸውን ዜማ እስከ ማውጣት ደረሱ፤ ሁለተኛው ከልጆቹ ጋር በጋራ ተጫወተ፤ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ሕመሙ ከበድ ካለባቸው መካከል የዘፈኑት ቀድመው ቀለል አላቸው፤ ኋላ ላይ ግን በሦስቱም ቡድን መሻሻል ታየ። ዘፈኑ ማገገሙን አፋጠነ ማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የዘፈን ክፍል የገቡ ሰዎችን የእጅ ሥራና የጽሑፍ ክፍል ከገቡት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ዘፋኞቹ እርስ በርስ ቶሎ ተቀራረቡ፤ በሰባተኛው ወር ግን ሌሎቹም ደረሱባቸው። ስለዚህ ዋንጫ ከሚነሳበት አንድ ምሽት ይልቅ የልምምዱ ሳምንታት ይበልጣሉ። ማንም የማይናገረው ድምፅ በጆሮው ለሚሰማ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ ሰው ግን ማይክ ማስጨበጥ ሕክምና አይሆንም፤ እሱን ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

ከሁለቱ ውጭ ያለ ሌላ ተረት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፦ «ሰው የሚያገልለው ስለማያውቅ ነው፤ ቢነገረው ይተዋል»። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው ነበር፤ 75 በመቶው መገለል እንዳለ ወይም እንደደረሰባቸው ተናገሩ፣ 37 በመቶው የዘመዳቸው መታመም እንዲደበቅ ይፈልጉ ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» በሚባልበት አገር በሽታው የሚሸሸገው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ «ነካ ያደርገዋል» ወይም የአእምሮ ሆስፒታሉን ጠርቶ «አማኑኤል ይግባ» የሚለውን ስድብ መስማት ይበቃል። ይህን መገለል በንግግር ብቻ ማስወገድ ከባድ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 72 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ እንዳሳየው፣ የአዋቂዎችን አመለካከት ከትምህርት ይልቅ የሚለውጠው ታሞ የዳነን ወይም ከሕመሙ ጋር እየኖረ ያለን ሰው ፊት ለፊት ማግኘት ነው። በወጣቶች ዘንድ ትምህርቱ በልጦ ተገኝቷል፤ ለትምህርት ቤት ውድድር ይህ መታወስ አለበት። ለሰፈሩ ውድድር ግን፣ በሁለት ዘፈን መካከል አንዲት ያገገመች ሴት ለአምስት ደቂቃ የምትናገረው ከባነሩ ሁሉ ይበልጣል። በተቃራኒው «እብድ» መሳቂያ የሆነበት አንድ ግጥም የምሽቱን ድካም ያፈርሳል፤ ዳኞች ግጥሙን አስቀድመው ያንብቡ።

ውድድር ራሱ ያስጨንቃል፣ ተሸናፊውን ይሰብራል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢ ስጋት ነው። በተለይ ገና እያገገመ ያለ ሰው ብቻውን በነጥብ ሊመዘን አይገባም። መፍትሔው በቡድን ማወዳደር ነው፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ማን ታሞ እንደነበር ማንም አይጠየቅም። ስለ ሕመሙ የሚናገር ሰው በፈቃዱ ይናገር፤ ቃሉን ቢያጥፍም ወቀሳ አይኑርበት። «በሕመም አይዘፈንም» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው፦ ለቅሶ ላይ ሙሾ የምናወርድ ሕዝብ ነን፤ ሐዘንን በዜማ መሸከም ለእኛ ነውር ሆኖ አያውቅም።

አዘጋጆች፣ ከሽልማቱ ገንዘብ ቀንሳችሁም ቢሆን በአዳራሹ በር አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ። የአእምሮ ጤና ነርስ ትቀመጥበት፤ በአቅራቢያው ሕክምናው የሚሰጥበት ጤና ጣቢያና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ ይታደል።