አንድ አየር ለስንት ሰው?

ሃቫና ውስጥ ቬዳዶ በሚባለው ሰፈር 23ኛው ጎዳና ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ የከተማው ሰው ቁልቁለቱን ላ ራምፓ ይለዋል። በጁላይ 2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኩባ መንግሥት ቴሌኮም ኤቴክሳ በአገሪቱ 35 የአደባባይ ዋይፋይ ቦታዎችን ሲከፍት አንዱ እዚህ ነበር። ያኔ ቤቱ ኢንተርኔት ያለው ኩባዊ ጥቂት ነበር፤ የሞባይል ዳታም ገና አልተጀመረም ነበር። ኢንተርኔት የፈለገ ካርድ ገዝቶ፣ ፍቆ፣ ቁጥሩን አስገብቶ አጥር ሥር ወይም ደረጃ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሰዓቱ ሁለት ዶላር ገደማ ነበር፤ አማካይ የወር ደመወዝ ደግሞ 30 ዶላር አይሞላም ነበር። በዚያ ዋጋ ማያሚ ካለ ወንድም ጋር በኢሞ ይወራ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ለአክስቱ ይታይ፣ ይለቀስም ነበር፤ ሁሉም በአደባባይ፣ ጎረቤት እየሰማ። ልጇ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት በኢሞ የምትደውልላት እናት ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

እኛ ካፌ ገብተን «ፓስዎርዱ ስንት ነው?» የምንለው ባብዛኛው ዳታ ለመቆጠብ ነው። ኩባ ውስጥ ግን የአደባባዩ ዋይፋይ ለዓመታት መቆጠቢያ ሳይሆን ዋናው መስመር ነበር። የግል መስመር ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል ለማየት ከዚያ የተሻለ አገር አላውቅም። ስለ አደባባይ ዋይፋይ ሲወራ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የመረጃ ሌባውን ነገር ነው፤ እመለስበታለሁ። በእኔ ግምት ግን ትልቁ እጥረት የአየሩ ነው።

ዋይፋይ የሚሠራው ማንም ያለ ፈቃድ በሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ1985 ለሕዝብ ከለቀቃቸው ክልሎች አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚረብሸው፣ ያን ጊዜ ብዙም ፈላጊ ያልነበረው ክልል። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር። ፍጥነቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ እጥፍ አድጓል። አንድ ነገር ግን በአመዛኙ እንዳለ አለ፦ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው።

ሰብሳቢ የሌለው የዕድር ስብሰባ አስቡ። መናገር የፈለገ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ጸጥ ሲል ትንሽ ታግሦ ይጀምራል። ሁለት ሰዎች እኩል ከጀመሩ የማንኛቸውም ንግግር አይሰማም፤ ሁለቱም በዕጣ የደረሳቸውን ያህል ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። የዘዴው ሥር የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በ1971 በደሴቶቹ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ ያገናኙበት አሎሃኔት ነው። እዚያ ጭራሽ ማዳመጥም አልነበረም፤ ልኮ «ደርሷል» የሚል መልስ ያላገኘ መልሶ ይልካል።

አሁን ሒሳቡን እንይ። አንድ የተለመደ የዳታ ጥቅል 1,500 ባይት ነው። የዋይፋይ ጣቢያው ሥር የተቀመጠ ሰው በሰከንድ 54 ሜጋቢት ቢያገኝ ጥቅሉ አየር ላይ የሚቆየው 0.22 ሚሊሰከንድ ነው። ጎዳናው ማዶ ያለ፣ ሲግናሉ ደክሞ ወደ 1 ሜጋቢት የወረደ ስልክ ለዚያው ጥቅል 12 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ተራው እኩል ስለሆነ ሁለቱ አንድ አንድ ጥቅል ቢልኩ ሩቁ ሰው ከአየሩ ጊዜ 98 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ቅርብ የተቀመጠውም በእርሱ ፍጥነት ይንፏቀቃል። ካፌ ውስጥ «ዛሬ ኮኔክሽኑ ሞቷል» ሲባል መስመሩ ደህና ሆኖ ጥፋቱ በር ላይ የቆመ የአንድ ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል። ተራውን በጥቅል ሳይሆን በጊዜ የሚያካፍሉ ራውተሮች ችግሩን ያቃልሉታል፤ የርካሾቹ ነገር ግን ሌላ ነው።

የሲግናል ምልክቱም ያታልላል። የሚያሳየው ስልካችሁ ጣቢያውን ምን ያህል እንደሚሰማ ነው እንጂ ጣቢያው ስልካችሁን መስማቱን አይደለም። ጣቢያው ትልቅ አንቴና አለው፤ ስልኩ ባትሪ የሚቆጥብ ደካማ አስተላላፊ ነው። ምልክቱ ሞልቶ ገጹ አልከፈት የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኩባውያን መፍትሔውን በሻንጣ አስገቡት። ናኖስቴሽን የሚባለው ጠፍጣፋ አንቴና ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሰበስብ ከሩቅ ይናገራል፣ ከሩቅም ይሰማል። ጣሪያ ላይ ሰቅለው ዋይፋይ ወዳለበት ፓርክ ካዞሩት፣ መሐል ላይ ግንብ እስካልገባ ድረስ፣ ዋይፋዩ ሳሎን ይገባል። ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ላፕቶፕ የያዙ ወጣቶች ኮኔክቲፋይ በሚባል ፕሮግራም አንዱን አካውንት ለብዙ ሰው ይቸረችሩ ነበር። ላፕቶፑ የሁሉንም ጥያቄ በራሱ አድራሻ ይልክና መልሱን ያከፋፍላል፤ ለኤቴክሳ የሚታየው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ሕገ ወጥ ነበር፤ ብልሃቱን ግን አለማድነቅ አይቻልም።

ወደ ሌባው ልመለስ። በ2010 ኤሪክ በትለር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ፋየርሺፕ የሚባል የብራውዘር ተቀጽላ ለቀቀ። ቁልፍ የሌለው ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው በእርሱ አማካይነት አጠገቡ ያለውን ሰው የፌስቡክ ገጽ በአንድ ጠቅታ ይከፍት ነበር። ብዙ ድረ ገጾች ፓስዎርዱን ብቻ ይሸፍኑና ከዚያ በኋላ ያለውን መለያ ገላጣ አድርገው ይልኩ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ሁሉንም ነገር መመስጠር ያዙ። ስለዚህ ዛሬ ወሬ ፈላጊው ጎረቤት በአብዛኛው የትኛው ድረ ገጽ እንደገባችሁ ያይ ይሆናል እንጂ የጻፋችሁትን አያነብም።

የቀረው አደጋ የስም ነው። ስልክ ከዚህ በፊት የገባበትን ክፍት ኔትወርክ የሚለየው በስሙ ነው፤ በዚያው ስም ሌላ ጣቢያ የከፈተ አጭበርባሪ ስልኩን ወደ ራሱ ይስበዋል፣ የውሸት መግቢያ ገጽም ያቀርብለታል። የመግቢያ ገጽ የባንክ ቁጥር ከጠየቀ፣ ወይም ብራውዘሩ ስለ ሰርተፍኬት ካስጠነቀቀ፣ መውጣት ነው። ተጠቅማችሁ የጨረሳችሁትን የአደባባይ ኔትወርክ ደግሞ ከስልኩ ማኅደር ሰርዙት።

በዲሴምበር 2018 ኩባ የሞባይል ዳታ ጀመረች፤ በ2019 ደግሞ የግል ራውተርና የሰፈር ኔትወርክ በፈቃድ ተፈቀደ። የአየሩ ሒሳብ ግን የግል መስመር ያስገባውንም ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው የዋይፋይ ዝርዝሩን ቢከፍት ከሚያየው የጎረቤት ስም ብዙው በእነዚሁ ላይ ተራ የሚጠብቅ ነው። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ መሻገር ይሻላል፤ ቻናሉ ብዙ ነው፣ ግድግዳም ቶሎ ያደክመዋል። ሰው ይህን ድካም እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ የጎረቤትን ጫጫታ ከቤታችን የሚያስቀረው ግን እርሱው ነው።