ከለቡ እስከ ጄኔቫ፦ የመንግሥት የንግድ ሕግ ባለሙያዎች ሥራ

ከጎተራ እስከ ሳሪስ ባለው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ያለ አስመጪ አይንቀሳቀሱም። ለቀለም የሚሆነው ኬሚካል፣ ለማሽን የሚሆነው መለዋወጫ፣ በጀሞና በሐና ማርያም ለሚነሡት ሕንፃዎች የሚሆነው መስታወትና ሴራሚክ ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ ላይ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ሁለቱ አገሮች በ1994 ዓ.ም. የተፈራረሙት የወደብ አጠቃቀም ስምምነት ይመለከተዋል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲገባ ደግሞ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ይጠብቀዋል። የሚከፈልበት ቀረጥ የሚታወቀው ዓለም አቀፉን የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት በተከተለ የታሪፍ መጽሐፍ ነው። መንገደኛ ይዞ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣውን ባቡር እንኳ የሚያስተዳድረው ኢትዮጵያና ጅቡቲ በስምምነት ያቋቋሙት የጋራ ድርጅት ነው። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነጋዴ ከእነዚህ ሕጎች ጋር በየቀኑ ይገናኛል፤ ሕጎቹን የሚያረቁትን፣ የሚደራደሩባቸውንና በችሎት የሚከራከሩባቸውን የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ግን እምብዛም አያውቃቸውም።

ባለሙያዎቹ በአንድ ቤት የተሰበሰቡ አይደሉም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድርድሩን ይመራል፣ ሰነዱን ያዘጋጃል። ፍትሕ ሚኒስቴር ረቂቅ ሕግ ይመረምራል፣ ኮንትሮባንድን በመሳሰሉ ወንጀሎች ክስ ይመሠርታል። ጉምሩክ ኮሚሽን የራሱ ነገረ ፈጆች አሉት። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ያወጣል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በስምምነቶች ላይ አስተያየት ይሰጣል። አደረጃጀቱ ደግሞ ሲለዋወጥ ኖሯል። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን የራሱ ዐቃቤያነ ሕግ ነበሩት፤ በ2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943 ሲቋቋም የወንጀል ክሱ ወደዚያ ተጠቃለለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ። በእያንዳንዱ ሽግሽግ መዝገብ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ሰነዱን አገላብጦ የሚያውቀው ሰውም አንዳንዴ አብሮ ይሄዳል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል።

የዚህ ሙያ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መመለስ ይጠቅማል። ጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮቭስኪ ጋር የተፈረመው የንግድ ውል አገሪቱ በአብዛኛው ገቢ ዕቃ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰረ፤ የውጭ ዜጎችም በኢትዮጵያ ዳኛ ብቻ እንዳይዳኙ በር ከፈተ። ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ ውል ተጠቃሚ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀረጥ ከፍ ማድረግ የፈለገ ባለሥልጣን ሁሉ ከዚህ ውል ጋር ተጋጭቷል። ጳጉሜን 1943 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል በእኩልነት መንፈስ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ውል ትምህርት ግን ዛሬም በድርድር ጠረጴዛ ላይ አለ፦ የተፈረመ የቀረጥ ጣሪያ ፈራሚውን ትውልድ አልፎ ገና ያልተወለደውን ፋብሪካ ያስራል።

ሕገ መንግሥቱ የውጭ ንግድን የመቆጣጠርና ዓለም አቀፍ ስምምነት የመዋዋል ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል መንግሥት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ስምምነት በአንቀጽ 9(4) መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ከድርድር እስከ ማጽደቅ ያለውን ሂደት የሚዘረዝረው አዋጅ ቁጥር 1024/2009 ነው። ተደራዳሪው ጄኔቫ ወይም ኪጋሊ ላይ የሰጠው ቃል በዚህ መንገድ አልፎ የአስመጪውን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይነካል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ነው። ኢትዮጵያ ማመልከቻዋን ያስገባችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነበር። የውጭ ንግድ ሥርዓቷን የሚዘረዝረውን ማስታወሻ በ1999 ዓ.ም. አቀረበች። ማመልከቻዋን የሚመረምረው የሥራ ቡድን ግንቦት 2000 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ፤ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ደገመ። ከዚያ ስምንት ዓመት ገደማ ዝም ተባለ። አራተኛው ስብሰባ የተካሄደው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው፤ አምስተኛው በመጋቢት 2017 ዓ.ም.። ከእኛ በኋላ ያመለከቱት ኮሞሮስና ቲሞር ሌስቴ በ2016 ዓ.ም. ማገባደጃ አባል ሆኑ።

በስብሰባዎቹ መካከል ያለው ሥራ በዜና አይታይም። አባል አገሮች ጥያቄ በጽሑፍ ይልካሉ። የማስመጫ ፈቃድ በየትኛው ሕግ ይሰጣል? ለግብርና የሚደረገው ድጎማ ስንት ነው? ለውጭ ባለሀብት የተዘጉት ዘርፎች የትኞቹ ናቸው? የሕግ ባለሙያው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዋጁን፣ ደንቡንና መመሪያውን ፈልጎ፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር አስማምቶ ይመልሳል። መመሪያዎች በየቢሮው ተበታትነው በሚገኙበት አገር ፍለጋው ራሱ ከባድ ሥራ ነው። መልሱ አንዴ ከተላከ በኋላ ደግሞ ቃል ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠቀሳል።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት በ38 የዕቃ ዓይነቶች ላይ የባንክ የክፍያ መተማመኛ (ኤል ሲ) እንዳይከፈት ሲያግድ የምንዛሪ እጥረቱ ለማንም ግልጽ ነበር። ለንግድ ሕግ ባለሙያው ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። አባል ለመሆን በምንደራደርበት ድርጅት የሚሠራበት የጋት ስምምነት አንቀጽ 11 በመጠን ገደብ መጣልን ይከለክላል፤ አንቀጽ 12 እና 18 ደግሞ የውጭ ክፍያ ሚዛን ለተናጋበት አገር በሥርዓት የተፈቀደ መውጫ አላቸው። እገዳው በዚህ መውጫ እንዲያልፍ ማስታወቂያው፣ ምክንያቱና የጊዜ ገደቡ በደንብ መጻፍ ነበረበት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ሲወሰን ደግሞ ክርክሩ ወደ አካባቢ ጥበቃና ልዩ ሁኔታዎችን ወደሚፈቅደው አንቀጽ 20 ዞረ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከመውጣቱ በፊት የንግድ ሕግ ባለሙያው መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። ከወጣ በኋላ ማብራሪያ ጻፍ ሲባል የሚችለው ማለሳለስ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የባለሙያውን እጅ ያጠነከሩ ለውጦች መጥተዋል። በቴሌኮም ሁለተኛ ኦፕሬተር ፈቃድ አግኝቷል። በ2016 ዓ.ም. የገቢና ወጪ ንግድ፣ ጅምላና ችርቻሮ ለውጭ ባለሀብት በመመሪያ ተከፈቱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም ተነሣ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ጸደቀ። ለዓመታት ሲያስጨንቁ የነበሩ ጥያቄዎች በሕግ መልስ አገኙ።

የሳሪስን አምራች በቀጥታ የሚመለከተው የቀረጥ ጣሪያ ድርድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በተሻሻለው መመሪያ መሠረት አባል የሚሆኑ በዝቅተኛ ደረጃ ያደጉ አገሮች የግብርና ምርት ጣሪያቸው በአማካይ 50 በመቶ፣ የሌሎች ምርቶች አብዛኛው ክፍል ደግሞ በአማካይ 35 በመቶ እንዲሆን ይጠበቃል። ጣሪያው አሁን የሚከፈለው ቀረጥ አይደለም። ወደፊት እንደልብ ሊታለፍ የማይችለው ወሰን ነው፤ ማለፍ የፈለገ አገር ካሳ መደራደር አለበት። ለየትኛው የታሪፍ መስመር ሰፊ ቦታ ይተው፣ የትኛው ይጥበብ የሚለውን ለመወሰን የሕግ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ ፋብሪካውን ሄዶ ማየት ይጠይቃል።

የኢትዮጵያ የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ምን እንደሚችሉ ያሳየው ግን የቡናው ጉዳይ ነው። በጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ብዙዎች የመከሩት ስሙን ከምርቱ ቦታ ጋር የሚያያይዘውን የመልክዓ ምድር መለያ መንገድ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ሌላውን መንገድ የመረጠበት ምክንያት ተጨባጭ ነው፦ ቡናው በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ማሳ የሚሰበሰብ በመሆኑ እያንዳንዱን ከረጢት ተከታትሎ ምንጩን ማረጋገጥ በጊዜው የማይቻል ነበር። የንግድ ምልክት ግን ስሙን በመንግሥት እጅ አድርጎ፣ ለሻጩ ያለ ክፍያ ፈቃድ እየሰጠ፣ ስሙን እንዲያስተዋውቅ ያስገድደዋል። የይርጋጨፌ ምልክት በ1998 ዓ.ም. ተመዘገበ። በሐረርና በሲዳሞ ላይ የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ ስታርባክስም ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስያሜ አስቀድሞ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በነፃ ያገለገለ የዋሽንግተን የሕግ ቢሮ እና የኦክስፋም ዘመቻ ታክለውበት ሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስና ኢትዮጵያ የፈቃድ ስምምነት ፈረሙ። ድሉን ያመጣው የዘመቻው ጩኸት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጩኸቱ የሚደገፍበት በወጉ የተዘጋጀ ማመልከቻ ባይኖር ኖሮ የትም አይደርስም ነበር እላለሁ።

አጎዋ የተለየ ትምህርት ሰጥቷል። አሜሪካ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባላት በራሷ ሕግ የሰጠችው ዕድል ስለነበር እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ስታነሣው ይግባኝ የሚባልበት መድረክ አልነበረም። በድርድር የተገኘ መብትና በችሮታ የተገኘ ዕድል ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ከመጀመሪያው ዓይነት ነው። ድርድሩ በብዛት የተካሄደው ከሳር ቤት ብዙ በማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ነው። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ፈረመች፣ በዓመቱ አጸደቀች፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በስምምነቱ ዕቃ መላክ ጀመረች። በዝቅተኛ ደረጃ ያደጉ አገሮች በ10 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ የታሪፍ መስመራቸውን ነፃ ያደርጋሉ። ከእንግዲህ አስቸጋሪው ሥራ የስሪት አገር ማረጋገጫ ነው፦ ጨርቁ ከእስያ መጥቶ ንፋስ ስልክ ላይ የተሰፋ ልብስ ኢትዮጵያዊ ነውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በየምርቱ የተጻፈ ረጅም ሠንጠረዥ ነው።

ይህን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው በአንድ ዓመት አይሠራም። አንድ የንግድ ሕግ ባለሙያ ታሪፍን፣ የዕቃ ዋጋ አተማመንንና የድርድር ልማድን አውቆ እስኪበስል በርካታ ዓመት ይፈጃል። ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ጠዋት በሰርቪስ አውቶቡስ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ወደ መሀል ከተማ የሚወርዱ፣ ከደመወዛቸው ትልቁን ክፍል ለቤት የሚከፍሉ ናቸው። የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሕግ ድርጅት ማቋቋምን ከፈቀደ ወዲህ የግሉ ዘርፍ ጥሩ አማራጭ ሆኗል፤ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። የሚሄደውን ሰው አልወቅስም። የሃያ ዓመት ድርድር በተተኪዎች እጅ ሲወድቅ ግን የ2003ቱን መልስ ለምን እንደዚያ እንደጻፍነው የሚያስታውስ ይጠፋል። መፍትሔው ደመወዝ ብቻ አይመስለኝም፤ ለተደራዳሪ የሕግ ባለሙያ የተለየ የእድገት መሰላልና በአግባቡ የተያዘ መዝገብ ያስፈልጋል።

የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነቱ ሲገኝ ሥራው ይሰፋል። ጄኔቫ የሚገኘው የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዳኞች ስላልተሾሙለት ቆሟል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ክርክሩ ግን ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ የምክር ማዕከል በዝቅተኛ ደረጃ ላደጉ አገሮች የሕግ ምክር ይሰጣል። ጠበቃ መከራየት ይቻላል፤ ማስረጃው ግን ከላኪው ደረሰኝ፣ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ከሚኒስቴሩ ደብዳቤ እዚሁ መሰብሰብ አለበት። ያንን ፋይል የሚያደራጀው የመንግሥት ነገረ ፈጅ ነው።