ያከራያችሁትን ቤት ለመሸጥ ከመወሰናችሁ በፊት

ሜሪላንድ ውስጥ የታክስ ሥራ እሠራለሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ከሥራ ተቀንሻለሁ፤ ያከራየሁትን ቤት ብሸጥ ትርፉን ታክስ ይበላዋል አሉኝ። እውነት ነው?»

ሁልጊዜ አይደለም። ከሽያጩ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቤቱ የራሳችሁ ሆኖ በድምሩ 2 ዓመት ከኖራችሁበት፣ ለነጠላ እስከ 250,000፣ አብረው ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት ደግሞ እስከ 500,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከፌዴራል ታክስ ነፃ ሊሆን ይችላል። ከለቀቃችሁ 3 ዓመት ሊሞላ ነው? ካለፈ የኖራችሁበት ጊዜ ከ5ቱ ዓመት ውስጥ 2 ዓመት ላይሞላ ይችላል፤ እንግዲያው ቀኑን ዛሬውኑ ቁጠሩ፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው።

በኪራዩ ዘመን የተቀነሰላችሁ ዲፕሪሲዬሽን (በቤቱ እርጅና ስም በየዓመቱ ከኪራይ ገቢ የሚቀነሰው) ግን እስከ 25 በመቶ ይታክሳል። «እኔ አልወሰድኩም» ማለትም አያድንም፤ መውሰድ ትችሉ ከነበረ እንደተወሰደ ይቆጠራል።

ማቆየትስ? ኪራዩ ሞርጌጁን ሸፈነ ማለት ቤቱ ራሱን ቻለ ማለት አይደለም። ኢንሹራንስ፣ የቤት ታክስ፣ ጥገና፣ ተከራይ የሌለባቸው ወራት አሉ። በየወሩ ከኪሳችሁ እየጨመራችሁ ቁጠባችሁ እያለቀ ከሆነ፣ እኔ ብሆን እሸጣለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ ክፍያ ሳያልፋችሁ አበዳሪውን አነጋግሩ።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ቤቱን የገዛችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ወር አትርሱ።