ከግመል ጎን በእግር፦ የአፋር በረሃ ጉዞ

ውኃ ሳይጠጣ የሰነበተ ግመል ማለዳ ላይ የሰውነቱ ሙቀት ወደ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ከ40 ያልፋል። ሰው እንዲህ ቢያተኩሰው አልጋ ይይዛል። ግመል ግን ቀን የሰበሰበውን ሙቀት በላብ ከማውጣት ይልቅ በአካሉ አምቆ ይውልና ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ያራግፈዋል። በዚህ ዘዴ በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ይተርፈዋል። ይህን በ1950ዎቹ በአልጄሪያ ሰሐራ ቆይቶ በመለካት ያረጋገጠው ትውልደ ኖርዌያዊው ተመራማሪ ክኑት ሽሚት ኒልሰን ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሻኛው ውኃ ይቋጥራል የሚለው ብዙ ሰው የሚያምንበት ነገር ስሕተት ነው፤ በውስጡ ያለው ስብ ነው። ስቡ በአንድ ቦታ ስለተከማቸ የቀረው አካል በቀላሉ ሙቀት ያወጣል። ግመል ከክብደቱ ሩቡን ያህል ውኃ አጥቶ መራመድ ይችላል። ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ደግሞ 100 ሊትር ያህል በአሥር ደቂቃ ገደማ ይጠጣል። እንዲህ በድንገት ውኃ ሲገባ የሌላ እንስሳ የደም ሕዋስ ሊፈነዳ ይችላል፤ የግመል ቀይ የደም ሕዋስ ሞላላ በመሆኑ እየተለጠጠ ይችለዋል። አሸዋ ሲነሣ አፍንጫውን ይዘጋል፤ ድርብ ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይጋርድለታል፤ ሰፊው ሶኮናው አሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። ሲንበረከክ ደረቱ ላይ ያለው ጠንካራ ቆዳ መሬቱን ስለሚደገፍ ሆዱ ከጋለው አሸዋ ጋር አይነካካም።

ይህ እንስሳ በአፋር ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ዳሎል መውረድ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ለዓመታት የተመዘገበው አማካይ የዓመት ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሰው በሚኖርባቸው ቦታዎች ከተለኩት ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው። ከዳሎል አጠገብ የተዘረጋውን የአሳሌ የጨው ሜዳ አፋሮችና ትግራዋይ ከጥንት ጀምሮ አብረው ይሠሩበታል። ሠራተኞቹ ጠንካራውን የጨው ንጣፍ በመጥረቢያ ይሰነጥቁና በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሡታል። ሌሎች ደግሞ ተቀምጠው በእጅ መሣሪያ አራት ማዕዘን አድርገው ይቀርጹታል። በአገራችን ገበያ ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ከዚህ የሚወጣ ነው። በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ሕዝቡ በጨው ሲገበያይ አይቶ ጽፏል።

ጨው ተጭኖ ሲወጣ መንገዱ የሳባን ሸለቆ ተከትሎ ወደ በርሃሌ፣ ከዚያም ወደ ትግራይ ደጋ ይዘልቃል። ግመሎቹ በገመድ ተያይዘው አንዱ ካንዱ ኋላ ይሄዳሉ። በጨው ሜዳው ላይ አንዲት ሰበዝ ሣር ስለማትበቅል ቅፍለቱ ወደ ታች ሲወርድ ለእንስሳቱ የሚሆን ገለባ ተሸክሞ ነው። የነጂዎቹ ስንቅ ብዙ ጊዜ ብርኩታ ነው፤ በእሳት የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ ከፍሙ ዳር ይጋገራል። ዕቃ አያስፈልገውም፤ ድንጋዩ ከውስጥ፣ ፍሙ ከውጭ ያበስሉታል። ለመንገደኛ ከዚህ የተሻለ የዳቦ አሠራር የለም ብሎ መናገር ይቻላል።

ከሩቅ አገር የሚመጣ ጎብኚን መጀመሪያ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ግመል ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው እምብዛም አይታይም። የሰሐራን ወይም የዓረቢያን ጉዞ በሥዕል ያየ ሁሉ ኮርቻ ይጠብቃል። አፋር ግን ግመሉን የሚጭነው ዕቃ፣ ውኃና ቤቱን ነው፤ ራሱ ከጎኑ በእግሩ ይራመዳል። ቤቱንም ጭምር መባሉ ማጋነን አይደለም፤ ሴቶቹ የሚሠሩት የሰሌንና የእንጨት ጎጆ ሲፈርስ በግመል ጀርባ ይጫናል፣ አዲሱ ሰፈር ላይም መልሶ ይቆማል። ስለዚህ በአፋር «የግመል ጉዞ» ማለት በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መሄድ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ግመሉ ነው። የት እንደሚታደር ደግሞ ጉድጓዱና ግጦሹ ይወስናሉ።

ይህን የተቀበሉ መንገደኞች በረሃውን ተሻገሩ፤ ለመቀበል የተቸገሩት ብዙ ዋጋ ከፈሉ። በ1625 ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ጋር ቤይሉል ወደብ ላይ ወርዶ በአፋር በረሃ በኩል ትግራይ ፍሬሞና ገብቷል። ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለመሸጥ ታጁራ ወደብ ደረሰ። ግመልና የማለፊያ ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ገደማ እዚያው ቆየ፤ ያን ጊዜም ሁለቱ የንግድ አጋሮቹ ላባቱና ሶሌዬ ሞቱበት። በጥቅምት 1886 የተነሣው ቅፍለት አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። ጠመንጃው በእጁ፣ ገዢውም ተዘጋጅቶ ሳለ አንድ ዓመት ያስቆመው ግመልና ፈቃድ ማጣቱ ነበር።

ሌሎች ከዚህ የከፋ ገጥሟቸዋል። ለግብፅ ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቨርነር ሙንዚንገር በ1875 በአፋር ምድር፣ አውሳ ውስጥ ተገደለ። ጣልያናውያኑ ጁሊዬቲና ቢያንኪም በ1881 እና በ1884 በአፋር በረሃ ሕይወታቸው አልፏል። በ1928 አውሮፓውያኑ መንገደኞች ኔዝቢት፣ ፓስቶሪና ሮዚና በረሃውን ከአዋሽ ተነሥተው ወደ ሰሜን ሲያቋርጡ ሦስት ወር ተኩል ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ በጉዞው ከተገደሉት መካከል የራሳቸው አገልጋዮች ይገኙበታል። የነዚህ ሰዎች ስም በመጻሕፍት ሲነሣ የአፋር ጭካኔ አብሮ ይነሣል። ሙንዚንገር ግን የግብፅን ጦር ይዞ የገባ ነበር፤ አገሩን ሊወር የመጣን የወጋ ሕዝብ ጨካኝ መባሉ ፍትሕ አይደለም።

በአዲስ አበባ በ1910 የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተለየ መንገድ ያዘ። አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለማየት በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ በግመል ተነሣ። አውሳ ሲደርስ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ተገናኘና የማለፊያ ፈቃድ አገኘ። ወንዙ የሚያልቅበትን የአቤ ሐይቅን አይቶ በግንቦት 1934 ታጁራ ገባ። ዕድሜው ያን ጊዜ ገና ሃያ ሦስት ነበር። ያሳለፉት ፈቃዱና አብረውት የሄዱት የአገሬው ሰዎች ናቸው።

ፈቃድ ብቻም አይደለም፤ ወሬም ያስፈልጋል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ጊዜ ካለም ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ በመንገዱ ላይ እንግዳ ማን አለፈ። የሚነገረው ሁሉ በጥሞና ይደመጣል፤ ሐሰት መናገር ያስነቅፋል። ነጂው ቅፍለቱን አቁሞ ሲያወጋ የሚቸኩል ጎብኚ መንገዱ ላይ ጊዜ የባከነበት ይመስለዋል። የሚቀጥለው ጉድጓድ ደርቆ እንደሆነ የሚታወቀው ግን በዚያ ወግ ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። አስፋልት ወደ በረሃው ዘልቆ ገብቷል፤ ቀድሞ ጨው ይዘው መቀሌ ድረስ ይወጡ የነበሩ ግመሎች ብዙዎቹ ጭነታቸውን በርሃሌ ላይ ለመኪና ያስረክባሉ። ለምግብ ከሚቀርበው ጨው ብዙው ከአፍዴራ ሐይቅ በጭነት መኪና የሚወጣ ሆኗል። ግመል ለጎብኚም ሠርቷል። ወደ ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ አፍ የሚወጡ እንግዶች ለብዙ ዓመታት ከዶዶም ሰፈር ተነሥተው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሌሊት በእግር ሲወጡ፣ ፍራሻቸውን፣ ውኃቸውንና ምግባቸውን የሚሸከሙት የአካባቢው ግመሎች ነበሩ። ጉዞው ሲመሽ የሚጀመረው ቀን የጋለው ጥቁር ድንጋይ ለእግር ስለማይመች ነበር። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር። ብዙ ተጓዦች ከላይ ካለው እሳት ባልተናነሰ ይህን የጨለማ እርምጃ ያስታውሳሉ።

በረሃው አደጋ የሌለበት አይደለም። በጥር 2012 ኤርታ አሌ ላይ በተፈጸመ ጥቃት አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ተገድለዋል፤ ከ2020 ጀምሮ በሰሜን የተካሄደው ጦርነትም ጉዞውን አቋርጦት ነበር። ሰላሙ ሲታጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ግመሉን ለእንግዳ አከራይቶ የሚያድረው አርብቶ አደር ነው።

መሄድ የሚያስብ አንባቢ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ በበጋው ወራት እንኳ ቀትሩ ይከብዳል። ፈቃድና መንገድ መሪ ከአካባቢው ይያዝ፤ የግመሉን ኪራይ በቀጥታ ለባለግመሉ ይክፈል። የጨው ቅፍለት ከገጠመው መንገድ ይልቀቅ፤ የሠራተኛን ፎቶ ከማንሣቱም በፊት ይጠይቅ። እነዚያ ሰዎች በዚያ ሙቀት የሚውሉት ለዕለት እንጀራቸው ነው።