የመሬት ገጽ ሞዴል እርማቶችን በሶፍትዌር ዝውውር ወቅት ስለ መጠበቅ

እንደ ልደታ ክፍለ ከተማ ባለ በግንባታ በተጨናነቀ አካባቢ የቆረጣና የሙሌት መጠን የሚሰላው ከመሬት ገጽ ሞዴል ነው። ሶፍትዌሩ የቅየሳ ነጥቦችን በደላኔይ ስልት በጎነ ሦስቶች ያያይዛል፤ መሐንዲሱ ደግሞ የድጋፍ ግንብና የቦይ ጠርዝ በትክክል እንዲታዩ አንዳንድ መስመሮችን ያዞራል ወይም ይሰርዛል።

ሞዴሉ ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲሻገር ነጥቦቹ ብቻ ከተላኩ ተቀባዩ እንደ አዲስ ያገናኛቸዋል፤ እርማቱም ይጠፋል። ለምሳሌ ጎኑ 10 ሜትር የሆነ ካሬ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ከሌሎቹ በ1 ሜትር ከፍ ይበሉ። ሰያፍ መስመሩ ከፍተኞቹን ካገናኘ ሸንተረር፣ ዝቅተኞቹን ካገናኘ ሸለቆ ይፈጠራል፤ የአፈሩ ልዩነት 33.3 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የካሬ አራቱም ማዕዘኖች በአንድ ክብ ላይ ስለሚያርፉ የደላኔይ ስልት ሁለቱንም ሰያፎች እኩል ይቀበላል። ትክክለኛውን የሚያውቀው መሬቱን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ መተላለፍ ያለባቸው ጎነ ሦስቶቹ ራሳቸው ናቸው። የላንድኤክስኤምኤል ፋይል እያንዳንዱን ጎነ ሦስት በሦስት የነጥብ መለያዎች መመዝገብ ይችላል። ሆኖም በዚህ መንገድ የሚሻገረው የእርማቱ ውጤት እንጂ ቅደም ተከተሉ አይደለም፤ ሞዴሉ ከነጥቦቹ ዳግም ከተገነባ ሊጠፋ ይችላል። ወሳኝ ጠርዞችን አስቀድሞ በብሬክላይን ማሰር ይህን ስጋት ይቀንሳል።

በመጨረሻም ሁለቱን ሞዴሎች ማነጻጸር ያስፈልጋል። ቆረጣና ሙሌት ሊጣፉ ስለሚችሉ የተጣራው ልዩነት ዜሮ መሆኑ አይበቃም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ወደ ዜሮ መቅረብ አለባቸው።